ደማቅ ቀለምና ጥለት በዘመናችን ሥዕል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ስሙ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮንዶሚኒየማችን ግራውንድ ላይ ባለች አንዲት ክፍል የሠፈር ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ግድግዳው ላይ የዘመናችንን ሠዓሊዎች ሥራ በፎቶ ለጥፌያለሁ። ልጆቻቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ወላጆች ቆም ብለው ያያሉ፤ ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። በር ላይ ቆሞ በጥድፊያ ከመመለስ ተረጋግቼ ልጻፈው ብዬ ነው።

ደማቅ ቀለም ማለት ቀይና ቢጫ ማለት ነው?

አይደለም። ቀለም ብቻውን አይደምቅም። የሚያደምቀው ጎረቤቱ ነው።

እኛ ሠፈር ይህን ማየት ቀላል ነው። ልስን ያልነካው የብሎኬት አጥር መሐል አንድ ቢጫ የቆርቆሮ በር አለ። ከአደባባዩ ጀምሮ ዓይን የሚይዘው እሱ ነው። ያንኑ በር ቢጫ አጥር ላይ ብትገጥሙት ይጠፋል። ቢጫው ያው ቢጫ ነው። ያደመቀው የብሎኬቱ ግራጫ ነበር።

ተቃራኒ ቀለሞች ደግሞ አሉ። ቀይ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ ከብርቱካናማ፣ ቢጫ ከወይን ጠጅ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱም ቦግ ይላሉ። ምክንያቱ ያለው ዓይናችን ውስጥ ነው። ቦግ ያለ ቀይ ወረቀት ላይ ለ30 ሴኮንድ ያህል አፍጥጡና ወዲያው ነጭ ግድግዳ እዩ። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጥላ ይታያችኋል። ዓይን ቀዩን ማየት ደክሞት ተቃራኒውን እያመጣ ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ይጮኻሉ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ከዚህ ሌላ ምንም ሳንሠራ ሄደናል።

ሌላም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት ደማቅ ቀለሞች ጎን ለጎን ሆነው አንዳንዴ ዓይን ይወጋሉ፤ የትኛው ከፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሆነ አይለይም። ያኔ ሥዕሉን በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ አንሱት። ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ከወጡ ችግሩ እሱ ነው። አንዱ ጠቆር ወይም ነጣ ማለት አለበት። ጎበዝ ሠዓሊዎች ቀለማቸው ምንም ቢደምቅ ከሥሩ ይህን ሂሳብ ሠርተውታል።

ጥለት ከጌጥ በምን ይለያል?

ጌጥ ቢነሳ ዕቃው ይቀራል። ጥለት ከተነሳ ዕቃው ራሱ ይፈርሳል። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። መሶብን አስቡት። በቀለም የተነከረው አለላ እየተጠመጠመ ነው መሶቡ ከታች ወደ ላይ የሚያድገው። ቀለሙን ልንቀል ብትሉ መሶብ አይተርፋችሁም።

ይህ በደንብ የገባኝ ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ሥር ከአንድ ሸማኔ አጠገብ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፤ እጁ ድሩ ላይ። ነጩን ሲሠራ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይበራል። ጥለቱ ጋ ሲደርስ ግን ዝግ አለ። ድሩን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ጥቂት ያነሳል፣ ጥቂት ያልፋል፣ ባለ ቀለሙን ክር ያሾልካል። ፊቱ ላይ የተሰቀለ ንድፍ የለም። ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ። እኔ ምንም አልታየኝም። ዝም ብሎ አራት መስመር ወደ ኋላ ፈታው። አንዲት ድር ዘሎ ኖሯል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥዕል የማይበት መንገድ ተቀየረ። ጥለት ሲደጋገም ዓይን ያርፋል፤ «ገባኝ» ብሎ ማየት ያቆማል። የሚነቃው ድግግሞሹ ሲሰበር ነው። ሸማኔው ስብራቱን ፈታው። የዘመኑ ሠዓሊ ግን ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ ይተወዋል፤ እንዲያውም ያን ሁሉ የሚደጋግመው ለእሷ ለአንዷ ስብራት ሲል ነው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ሥራ ፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የሚደጋገመውን ፈልጉ። ከዚያ የት ጋ እንደሚሰበር።

ከኛዎቹ እነማንን ልይ?

ከኤልያስ ስሜ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ የተወለደ ነው። ድሮ ሸራ ላይ በክር እየሰፋ፣ ቁልፍ እየተከለ ይሠራ ነበር። በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ወደ ኮምፒውተር ኪቦርድና ማዘርቦርድ ዞረ። ዕቃውን የሚያገኘው ከመርካቶ ነው፤ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር ሁሉ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኝበት ቦታ መሆኑን ታውቃላችሁ። ባለ ቀለሙን ሽቦ ይጎነጉነዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ እንጨት ላይ ጎን ለጎን ይመታዋል። አንድ ሥራ በሺህ የሚቆጠር ቁራጭ ሊኖረው ይችላል። ከሩቅ ስታዩት ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ እርሻ ይመስላል፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ኑግ ያለበት። ጠጋ ስትሉ የስልክ ሽቦ ነው። ሠዓሊው ቀለም አልቀባም። ቀዩም ሰማያዊውም ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የእሱ ሥራ መምረጥና መደርደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ፣ ማለትም ጣሊያን ውስጥ በየሁለት ዓመቱ በሚካሄደው ትልቅ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ላይ፣ ሥራዎቹ ታይተዋል።

ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሁለተኛ አደርገዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 አዲስ አበባ ተወልዶ ለብዙ ዓመታት አሜሪካ የኖረ ሠዓሊ ነው። የሚሥለው ፊደል ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ ግን እንዲነበቡ ሆነው አይደለም የተቀመጡት። ይዘረጋቸዋል፣ ያጥፋቸዋል፣ አንዱን ሌላው ላይ ይጭነዋል። አማርኛ የማያነብ ሰው ቅርጹን ብቻ ያያል። እኛ ግን ቃል ፍለጋ እንገባለን፣ ቃሉም መሐል መንገድ ላይ ይሰበራል። በእኛ ቋንቋ ቀለም ፊደልም ነው፤ የተማረውን ሰው «ቀለም የቆጠረ» እንለዋለን። የወሰኔ ሥዕል ፊት ስቆም ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ላይ ይመጡብኛል።

ታደሰ መስፍን የገበያ ሴቶችን ይሥላል። ቆመው፣ ዕቃቸውን ይዘው፣ እንደ ምሰሶ ረዝመው። ልብሳቸውና ከኋላቸው ያለው ነገር ወደ ቀለም ሰሌዳነት ይቀየራል። በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበባትና ዲዛይን ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተምሯል፤ ከዛሬዎቹ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ በእጁ ያለፉ ናቸው። አዲስ ገዛኸኝ ደግሞ ለእኛ ለኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ቅርብ ነው። ከመጽሔት የተቆረጡ ወረቀቶችን ከቀለም ጋር እየደራረበ አየር ላይ የሚንሳፈፉ ከተሞችን ይሠራል። ቤት በቤት ላይ፣ መስኮት በመስኮት ላይ፣ ሁሉም በየራሱ ቀለም። ፎቶውን ካያችሁ በኋላ ማታ መብራት ሲበራ ወጥታችሁ የራሳችሁን ብሎክ እዩት።

ደማቅ ቀለም ለደስታ አይደለም እንዴ? ለሐዘን እንዴት ይሆናል?

የፎቶ ባለሙያዋን አይዳ ሙሉነህን እዩ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፤ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አትወጣም። የምታነሳቸውን ሴቶች ፊት ትቀባለች፤ ልብሱም መደቡም ጥርት ያለ አንድ ቀለም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዋተርኤይድ ለተባለው ድርጅት የሠራቻቸው ፎቶዎች አፋር፣ ዳሎል ላይ የተነሱ ናቸው። ጉዳዩ ውሃ ነው፤ ሴቶች ውሃ ፍለጋ የሚከፍሉት ዋጋ። በጨው ምድር ላይ ቀይ የለበሰች ሴት ቆማለች። ቀለሙ አንድም ቦታ አያስቅም።

እኔ ይህ ፎቶ ለምን እንደያዘኝ አውቃለሁ። እኛ ጋ ውሃ በተራ ነው የሚመጣው። በመጣ ቀን ከብሎኩ ሥር ጀሪካኖች ይሰለፋሉ። ቢጫ፣ ቢጫ፣ ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ፀሐይ ሲያርፍበት በጣም ያምራል። የተሰለፈውን ሰው ፊት ስታዩ ደግሞ ውበቱና ድካሙ አንድ ላይ ነው ያለው። ደማቅ ቀለም መጀመሪያ ያስቆማችኋል። ከቆማችሁ በኋላ የሚነግራችሁ ነገር ምንም ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችውም አይዳ ናት።

ይሄ ከውጭ የመጣ ፋሽን አይደለም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ በጣም ነው የሚቆጨኝ። የብራና መጽሐፍ ራስጌ ላይ ያለውን ሐረግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ገመድ እየተጠላለፈ ገጹን ይይዛል። ከየት እንደጀመረ በጣት ተከተሉት ብትባሉ ትጠፋላችሁ። ክታብ ላይ የሚሣለው ጠልሰምስ? ዓይንና ኮከብ፣ ዓይንና ኮከብ እየተደጋገመ ይወርዳል። ዘሪሁን የትምጌታ ይህንን ይዞ ነው የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን እየደረደረ የሣለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ዳካር ቢየናሌ ላይ ሽልማት ያገኘውም በዚህ መንገድ ነው። አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው የመስታወት ሥዕል ደግሞ 150 ካሬ ሜትር ነው። ቀለሙ ከብርሃኑ ጋር ይቀየራል፤ ጠዋትና ከሰዓት የተለያየ ነው።

በዓለም ላይም ጉዳዩ ከዚህ አይርቅም። ደቡብ አፍሪካዊቷ አስቴር ማህላንጉ የንዴቤሌ ሕዝብ ሴቶች የቤት ግድግዳ የሚቀቡበትን ጥለት በልጅነቷ ከእናቷና ከአያቷ ነው የተማረችው። በዶሮ ላባ ትቀባለች፤ ማስመሪያ አትይዝም። እ.ኤ.አ. በ1991 ያንኑ ጥለት ቢኤምደብሊው መኪና ላይ ሣለችው። መስመሩን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት የእጅ መንቀጥቀጥ አለበት፤ ሕይወት የሰጠውም እሱ ነው። ጃፓናዊቷ ያዮይ ኩሳማ ነጠብጣብን ዕድሜዋን ሙሉ ስትደጋግም ኖራለች።

የይንካ ሾኒባሬ ነገር ደግሞ ያስገርማል። በእንግሊዝና በናይጄሪያ መካከል ያደገ ነው። «የአፍሪካ ጨርቅ» እየተባለ የሚሸጠውን ባለ ደማቅ ጥለት ጨርቅ የድሮ አውሮፓውያን ልብስ አድርጎ ይሰፋዋል። ጨርቁ ግን ባቲክ የሚባለውን፣ በሰም እየተሸፈነ ቀለም የሚነከረውን የኢንዶኔዥያ ጨርቅ የሆላንድ ፋብሪካዎች አስመስለው ሠርተው ምዕራብ አፍሪካ የሸጡት ነው። አፍሪካ ወደደችው፣ የራሷ አደረገችው። «የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ እንደሌለ በመርፌና በክር አሳይቷል።

«ይሄንንማ ልጄም ይሠራዋል።»

ጥያቄ ባይሆንም በየሳምንቱ ስለምሰማው እመልሳለሁ። አንድ ወረቀት ላይ 12 በ12 ትንንሽ ካሬ አስምሩና አንዱን ቅርጽ 144 ጊዜ ሣሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጅ ይሰላቻል። ስድስተኛው ላይ ቅርጹ ሳታውቁት ተቀይሯል። ልጃችሁ ከጨረሰው እውነትም ይሠራዋል ማለት ነው፤ ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ።

ከዚህ ከዳር ተነስቼ የት ሄጄ ማየት እችላለሁ?

ዞማ ሙዚየም፣ መካኒሳ። ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ለሕዝብ ተከፈተ። ቤቶቹ ጭቃና ጭድ ናቸው። አዎ፣ አያቶቻችን ቤት የሠሩበት ጭቃ። ግድግዳው ግን ተራ ምርጊት አይደለም። ጭቃው ራሱ ጥለት ሆኗል፤ ሞገድ፣ ክብ፣ ቅጠል የመሰለ ነገር በጣት ይዳሰሳል። ቀለም እንኳ ሳይቀባ ጠዋት ጥላው ሲያርፍበት ይደምቃል። ልጆች ውሰዱ፤ የአትክልት ቦታም አለው። ከዚህ ሩቅ ነውና ከመሄዳችሁ በፊት መክፈቻ ሰዓቱን ደውላችሁ አጣሩ።

ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ጋ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም አለ። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ሠዓሊም ነበር። ጨርሶ መሄድ ካልቻላችሁ በሠፈራችሁ ውስጥ የብረት በሮችን እየቆጠራችሁ ዙሩ። ብየዳ ቤቶቻችን ፀሐይ፣ አልማዝ፣ ኮከብ እየቆረጡ በሦስትና በአራት ቀለም የሚቀቧቸው በሮች እውነተኛ ጥበብ ናቸው። ከአንድ መንገድ ላይ ሁለት ተመሳሳይ በር አላገኘሁም።

ለመጀመር ምን ልግዛ?

ብዙ አትግዙ። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን የሥዕል ቀለም) ይበቃል። ጥቁር ለጊዜው ይቅር፤ ጀማሪ ጥቁር ሲያገኝ ማጥቆሪያው ሁሉ በእሱ ይሆንና ቀለሙ ይሞታል። ለማጥቆር ተቃራኒውን ቀለም በትንሹ ጨምሩ። ሸራ ውድ ከሆነባችሁ አቡጀዲ ግዙ፣ ፍሬም ላይ ወጥሩት፣ ኮላ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቡት፣ ሲደርቅ የግድግዳ ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ደርቡበት። እኔ እስከ ዛሬ የምሠራው እንዲህ ነው።

የበር ቀለም የሚቀባ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ተወዳጁት። እኔ አንዱን ጠይቄ በየጣሳው የቀረውን ሰጥቶኛል። እሱ የዘይት ቀለም ነው፤ በቲነር እንጂ በውሃ አይለቅም፣ ሽታውም ከባድ ነው። ለልጆች አይሆንም። ለአዋቂ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ቆርቆሮ ወይም እንጨት ላይ ግን እንደሱ የሚያበራ የለም።

የኮንዶሚኒየሜን በረንዳ በደማቅ ጥለት መቀባት እችላለሁ?

ውስጡ የእናንተ ነው፤ እንደልባችሁ። የውጭው ግድግዳና ኮሪደሩ የጋራ ስለሆነ ኮሚቴውን አስቀድሙ። ንድፉን በወረቀት ሠርታችሁ በቀለም አሳዩዋቸው፤ በቃል ብቻ «ቀይና ቢጫ» ስትሏቸው ይደነግጣሉ።

ቀለሙ በፀሐይ አይለቅም?

ይለቃል፤ ግን እኩል አይደለም። ሮዝና አንዳንድ ቀይ ቀድመው ይገረጣሉ። ከአፈር የሚገኙት ዳማና ቀይ አፈርማ ቀለሞች ብረት ስላለባቸው ለዘመናት ይቆያሉ። ሥዕሉን ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳ አርቁ። ጋቢያችሁን ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ ስንት ቀን እንደምትተዉት አስቡ፤ ሥዕልም ያው ነው።

ልጄ ቀይና አረንጓዴ አይለይም። ሥዕሉን ቢተው ይሻላል?

ይህን የጠየቀችኝ እናት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ልጁ እንዳይሰማ። እህቴ፣ አይተው። ብዙ ጊዜ ከእናት በዘር የሚመጣ ነው፤ ወንዶች ላይ በብዙ ይበልጣል፤ የማንም ጥፋት አይደለም። የዓይን ሐኪም ይየው። እኛ ጋ ያደረግነው ቀላል ነው። በየቀለሙ ጠርሙስ ላይ ስሙን ጻፍንበት።

የሆነው ግን ይህ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ስለማይለይለት ልጁ ጠቆር ያለውንና ነጣ ያለውን ከሁላችንም የተሻለ ያያል። ሌሎቹ ልጆች ቀለም ይደራርባሉ፤ እሱ ጥላ ይደረድራል። ባለፈው ወር አንድ ትልቅ ወረቀት በሦስት ማዕዘኖች ሞላ። ጠቆር፣ ነጣ፣ ጠቆር፣ ነጣ፤ ረድፉ እንደተሸመነ ቀጥ ያለ ነው። በሰባተኛው ረድፍ ላይ አንዱ ሦስት ማዕዘን ተዘቅዝቋል። ተሳስተህ ነው ወይ አልኩት። አይ፣ እሱ ተኝቶ ነው አለኝ።

ወረቀቱ ከበሩ በስተቀኝ ተለጥፏል። ልጆቻችሁን ልትወስዱ ስትመጡ እዩት።